ጀርባ የሌላቸው ምሰሶዎች

አጎቷ «መጀመሪያ መሳል ትማሪያለሽ» ባላት ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በማግስቱ ወረቀትና ሦስት እርሳስ ይዛ መጣች። አጎቷ እርሳሶቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና አንዱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሁለቱን መለሰላት። ከዚያ መሳያ ድንጋይ፣ አንድ ጣሳ ውኃና ዘጠኝ የዶለዶሙ መሮዎች ፊቷ ደረደረ።

«እነዚህን ነው የምትስያቸው» አላት። «ሥዕሉ የትም አይሄድም።»

በዚህ ሁኔታ ቀራጺዋ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈችው አንዲት ቅጠል እንኳ ሳትቀርጽ ነው። ቅጣት አልነበረም፤ ምክንያት ነበረው። የተሳለ መሮ እንጨቱን ይቆርጠዋል፤ የዶለዶመው ይደቁሰዋል። ጉዱ ያለው ልዩነቱ በዕለቱ አለመታየቱ ላይ ነው። የተደቆሰ እንጨት ለጊዜው ልስልስ ብሎ ይተኛል፤ ባለቤቱም እጁን እያሳለፈበት «ጎሽ» ይላል። ከወራት በኋላ፣ አየሩ ሲለወጥ፣ የተኛው የእንጨቱ ቃጫ ሁሉ ተነሥቶ ይላጣል። አጎቷ ይህን ያስረዳት በቃል አልነበረም። በደነዘ መሮ የጠረበውን አንድ ሳንቃ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ እንድታየው አደረጋት። በዘጠነኛው ወር ሳንቃው እንደ ታመመ ሰው ቆዳ ተላጠ።

«እንጨት ቂመኛ ነው» አላት ያን ዕለት። «የበደልሽውን አይረሳም። ጊዜ ነው የሚጠብቀው።»

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ልብ ነበር። አጎቷ ልብ የሚለው በግንዱ መካከል ያለውን፣ ዛፉ ችግኝ ሳለ የነበረውን ቀጭን እምብርት ነው። እርጥብ ግንድ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ ይህን ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው። ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው መንገድ ጥቂት ብቻ ያጥራል፤ ዙሪያውን ግን የዚያን እጥፍ ያህል ይጠብባል። ሆዱ እንዳለ ሆኖ ቀበቶው ብቻ እያጠረ የሄደበትን ሰው ማሰብ ነው። ቀበቶው አንድ ቦታ ላይ መበጠስ አለበት። ስለዚህ ልቡ ያልወጣለት ሙሉ ግንድ ይሰነጠቃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ በየት በኩል ይሰነጠቃል ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

አጎቷ ለዚህ መልስ ነበረው። ምሰሶ ሲሠራ ከመቅረጹ በፊት ግንዱን አጋድሞ፣ ሰው በማያየው ጎኑ በኩል ከላይ እስከ ታች በመጋዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስከ ልቡ ድረስ ይሰነጥቃል። ግንዱ ሲደርቅ የሚከፈተው ያ መስመር ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ፊቱ እንደ ተወለወለ ይኖራል። ምሰሶው ሲተከል የተሰነጠቀው ጎን ወደ ግድግዳው ይዞራል። ይህን ሥራ «ጀርባ መስጠት» ይለው ነበር። «ሰውም እንጨትም መሰንጠቁ ላይቀር ጀርባ ያስፈልገዋል» ይል ነበር፤ «ፊት ለፊት ከመሰንጠቅ ይሻላል።»

እሷ ግን በሃያ ዓመቷ ሌላ ነገር አገኘች። የወንበር መደገፊያ ላይ አንዲት ቅጠል ቀርጻ ጨርሳ፣ ከመስኮቱ ሥር ስታልፍ ብርሃኑ ከጎን መታውና ቅጠሏ ከእንጨቱ ብድግ ያለች መሰላት። መለሰችው፤ ቅጠሏ ተኛች። ደግማ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ተነሣች። ግማሽ ቀን እንደዚህ ስትመላለስ ዋለች። የገባት ነገር ቀላል ነው፣ ግን ሰውን ዕድሜ ልክ ሥራ ያስይዛል፦ ቀራጺ የሚቀርጸው እንጨቱን ሳይሆን ጥላውን ነው። ዓይን ቅጠል የሚለው ከቅጠሉ ሥር ያለውን ጨለማ ነው። ጨለማው ይበልጥ እንዲጠቁር ደግሞ ጉድጓዱ ይበልጥ መጥለቅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሁሉ ወደ ውስጥ ሆነ። በመጀመሪያ የጥፍር ውፍረት ያህል፣ ቀጥሎ አንድ የጣት አንጓ። በኋላ እንደ ማንኪያ የጎበጡ መሮዎች ለራሷ አስቀጠቀጠችና የቅጠሉን ሆድ ከኋላው ሳይቀር ትቦረቡር ጀመር፤ ቅጠሉ በአንዲት ጫፉ ብቻ ተይዞ ቀሪው አየር ላይ እስኪቀር ድረስ። አጎቷ «ጎርጓሪት» ብሎ ስም አወጣላት። ስሙ ከሱቁ ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ፤ የተበላ ጥርስ ያለበት ሰው ሁሉ «ለጎርጓሪት አሳየው» እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

«ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው» አላት አጎቷ አንድ ቀን፣ የሠራችውን የበር ጉበን በጣቱ እየለካ። «ማን እንደሚገባበት አታውቂም።»

«እኔ የምቆፍረው ጥላ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥላም ቢሆን።»

በሠላሳ አንድ ዓመቷ ለብቻዋ ወጣች። የተጣሉት በምሰሶ ነበር። ዙሪያውን ሁሉ የተቀረጸ፣ ከየትም ቢያዩት ፊት ያለው ምሰሶ መሥራት ፈለገች። አጎቷ «ጀርባውስ?» አለ። «ጀርባ የለውም» አለችው። ሽማግሌው መጋዙን ምስማሩ ላይ ሰቀለና «ጀርባ የሌለው ነገር ደክሞት ሲመጣ በምን ይተኛል?» አላት። እሷም መሮዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየች፤ ረጅም መንገድ የሚነዳው ባሏ ከየሄደበት ጥሩ ግንድ ባየ ቁጥር ስልክ ይደውልላታል። በአምስት ዓመት ውስጥ ስሟ ከአጎቷ ስም በለጠ።

የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው። የንባብ አዳራሹ በአንድ በኩል ሰገነት አለው፤ የሰገነቱን ጫፍ የሚሸከሙት አራት ምሰሶዎች ናቸው። አራቱንም እሷ ቀረጸች፤ ሦስት ዓመት ፈጀባት። የመጀመሪያው ላይ የወጣው ሐረግ ነው፤ ጥልቀቱ አንድ አንጓ። ሁለተኛው ላይ ሸምበቆና ዓሣ አለ፤ ጥልቀቱ አንድ ጣት። ሦስተኛው ወፎች ናቸው፤ ጣት ከወፏ ጀርባ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። አራተኛው፣ ከደረጃው አጠገብ ያለው፣ ከሥር እስከ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ እጆች ናቸው፤ አንዱ እጅ የሌላውን አንጓ ጨብጦ። ሞዴል የሆኗት በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች ናቸው፦ የባሏ እጅ፣ የጎማ ጠጋኙ እጅ፣ የባሏ እህት ቀለበት ያደረገች እጅ። መካከል ላይ፣ በሰው ዓይን ቁመት፣ አውራ ጣቱ የተጣመመ የአጎቷ እጅ አለ። በእጆቹ መካከል ሲያዩ ምሰሶው ክፍት ነው፤ በወዲያ በኩል ያለው መስኮት ይታያል። ጎብኚ ሁሉ እጁን ይሰድበታል፤ አንዳንዱም የታጠፈ ወረቀት ይጥልበታል። እውነትም የሚያስደንቅ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ ከበፊተኛው የተሻለ፣ እያንዳንዱም ከበፊተኛው የጠለቀ ነበር።

አራቱም ጀርባ የላቸውም።

ምሰሶዎቹ በተተከሉ በሰባተኛው ዓመት፣ ሰኞ ዕለት፣ በምሳ ሰዓት የባሏ እህት ወደ ሱቋ መጣች። ይቺ ሴት በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የምታውስ ናት፤ ጠረጴዛዋ ከሰገነቱ ሥር፣ ከአራተኛው ምሰሶ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

«አንቺ የወንድሜ ሚስት» አለች ሳትቀመጥ። «ምሰሶሽ ጉሮሮውን ጠረገ።»

«የቱ?»

«ሲጠርግ ስሙን አልነገረኝም። ካርድ እየጻፍኩ ‹እህ› ሲል ሰማሁ። አንባቢ መስሎኝ ‹ዝምታ እባክዎ› ብዬ ተቆጣሁ። ቀና ስል ሰው የለም።»

ቀራጺዋ መሮዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ሰገነቱ ላይ ምን እየተሠራ ነው?»

«አልሰማሽም? የተዘጋው ኮሌጅ መጻሕፍቱን በሙሉ ሰጠን እኮ። ጫኝና አውራጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሳጥን ያወጣሉ። አርባ ወጥቷል፣ ሁለት መቶ ይቀራል። ቅዳሜ ምረቃ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ንግግር ይሰማል።» አየቻትና ሳቅዋን ቀነሰች። «ምነው? ፊትሽ ተለዋወጠ።»

«አብሬሽ ልምጣ።»

ስንጥቅ መፈለግ የራሱ ዘዴ አለው። ባትሪ ፊት ለፊት ካበሩበት እንጨቱ ሁሉንም ይደብቃል፤ መብራቱን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ከጎን ማብራት ያስፈልጋል፤ ያኔ ፀጉር የምታህል መስመር እንኳ ጥላ ትጥላለች። መስመሩ ከተገኘ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ጥልቀቱ ይለካል። ቀራጺዋ ከአንደኛው ጀመረች። ሐረጉ መካከል ሽቦው የጥፍር ያህል ገባ። ይህ አያስፈራም፤ ርዝመቱን ተከትሎ የተሰነጠቀ ምሰሶ መቶ ዓመት ቆሞ ይሸከማል፤ የእንጨቱ ቃጫዎች አልተቆረጡምና። ሁለተኛው ላይ ግማሽ ጣት። ሦስተኛው ላይ ከወፎቹ ሥር አንድ ጣት ሙሉ ገባ። ይህ ደስ አይልም፣ ግን የሚጠበቅ ነው። እንጨቱ ቀበቶውን እየበጠሰ ነው።

አራተኛውን ግማሽ ሰዓት ዞረችው። ከላይ እስከ ታች፣ እጅ በእጅ፣ ጣት በጣት። አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም።

የፈራችው ያኔ ነው። አራቱም ከአንድ ጫካ የመጡ፣ በአንድ ዓመት የተቆረጡ ግንዶች ናቸው። ሦስቱ ተሰንጥቀው አራተኛው ሊቀር አይችልም። ስንጥቁ ፊቱ ላይ ከሌለ የተሰነጠቀው ውስጡ ነው ማለት ነው፤ ውስጡ ደግሞ ባዶ ነው። ርዝመቱን የሚሄድ ስንጥቅ ብቻውን ምሰሶ አይጥልም፤ ከተቦረቦረ ጉድጓድ ጋር ከተገናኘ ግን ምሰሶው አንድ መሆኑ ይቀራል። እንደ ተለያዩ ሳንቃዎች ይሆናል፤ ሳንቃ ደግሞ ብቻውን ሲሸከም ይጎብጣል።

«አማረበት አይደል?» አለች የባሏ እህት ከጠረጴዛዋ። «ሌሎቹ ሲያረጁ ይሄ እንደ ሙሽራ አለ።»

«ውስጡን ለቄስ» አለች ቀራጺዋ።

ስንጥቅ በማይታይበት ቦታ መንቀሳቀሱን ማወቂያው ወረቀት ነው። የሽንኩርት ልጣጭ የሚያህል ስስ ወረቀት እንደ ክር ተቀዶ፣ ጫፍና ጫፉ በሙጫ ተወጥሮ ይለጠፋል። እንጨቱ ከቆመ ወረቀቱም ይቆያል፤ እንጨቱ የፀጉር ያህል ቢላወስ ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀት አይዋሽም፣ አይሠጋም፣ ሰውም አያጽናናም። ቀራጺዋ እጇን በእጆቹ መካከል እያሾለከች ሰባት ቦታ ላይ ለጠፈች። የመጨረሻው ከአጎቷ እጅ ጀርባ ነበር፤ በጣት ጫፍ እየዳበሰች እንጂ ሳታይ ነው ያጣበቀችው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዱ ተቀድዶ አገኘችው፤ ከአጎቷ እጅ ጀርባ ያለውን። ማክሰኞ ከሰዓት ሦስት ሆኑ።

«እትዬ፣ ጠረጴዛሽን ወዲያ አርቂው» አለቻት።

የባሏ እህት በዚህኛው አልቀለደችም። ካርዶቿን ሰብስባ ቆመችና «አለቃን አናግሪ» አለች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ረቡዕ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ግን አጎቷ ዘንድ ነው። ሽማግሌው አሁን አይሠራም፤ በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሌሎች ሲሠሩ እያየ ይተቻል። ከተለያዩ ወዲህ በሰላምታ እንጂ በሥራ ጉዳይ አውርተው አያውቁም። ስለ ሰባቱ ወረቀቶች ነገረችው። እሱ እየሰማ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ክብ ይሠራ ነበር፤ የግንድ ክብ።

«ግንዱን ለምን ያህል ጊዜ አደረቅሽው?»

«አንድ ዓመት ተኩል።»

«ውፍረቱስ?»

«አንድ ክንድ።»

ለዚያ ውፍረት አሥር ዓመትም አይበቃው ነበር። ሁለቱም ያውቁታል።

«የሕንፃው ግንበኛ ምሰሶውን ከመትከሉ በፊት አልጠየቀሽም?»

ቀራጺዋ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ይህ ነበር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት። «ምን ያህሉ እንጨት ይቀራል ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሁለት ሦስተኛው አልኩት። ሐረጉን እየሠራሁ ነበር፣ ለሐረጉ እውነት ነው። እሱ ግን ለአራቱም ያንኑ ጻፈ። በኋላ ሦስቱን ስሠራ... እጄ እየተሻሻለ ሄደ።»

«እጅሽ ተሻሻለ» አለ አጎቷ፤ ስድብም ሙገሳም አልነበረም። «አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለአለቃ እነግራለሁ። ግን ስንጥቁ አይታይም። ወረቀት ተቀደደ ብዬ አንድ ሕንፃ አላስዘጋም። ለማሳየት መክፈት አለብኝ፤ ያለው ደግሞ ከእጁ ጀርባ ነው።»

«የማን እጅ?»

«የርስዎ።»

አጎቷ የተጣመመውን አውራ ጣቱን አየው፤ በስተርጅናው ይበልጥ ተጣምሟል። «እንግዲያ ቁረጪው። እንጨት ነው፣ አይደማም።» ከዚያ ጨመረ፦ «ከፍተሽው ስንጥቅ ባይኖርስ?»

«ያኔ የከተማውን ምርጥ ሥራ በምረቃው ዋዜማ በገዛ እጄ ያበላሸሁ እብድ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም መሮ አያስይዘኝም።»

«ባትከፍችውስ?»

ተነሥታ መሮዎቿን ልትስል ወደ ሱቋ ሄደች።

አለቃ የሚሉት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሰው ሲያናግር ጠመኔ እንደያዘ ሁለት ጣቱን የሚያጣብቅ። ሐሙስ ዕለት ሲያስገባት ጠረጴዛው በመጋበዣ ካርድ ተሸፍኖ ነበር። ሳያቋርጥ ሰማት።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ «ግንበኛው ሁለት ሦስተኛው አለ ብሎ ፈርሟል። ወረቀቱ እዚህ አለ።»

«ያን ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ አንደኛው ነበር።»

«ስለ አራተኛውስ?»

«አልጠየቀኝም።»

«አንቺስ?»

«እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።»

አለቃ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለት መቶ ሰው ጠርቻለሁ። ሰው የሚመጣው ግማሹ መጽሐፉን፣ ግማሹ ምሰሶሽን ለማየት ነው። ትንሽ ቢሰነጠቅስ? ጥንታዊ ያስመስለዋል።»

«አለቃ፣ እነሱ ከሥሩ ሆነው ከሚያዩት እርስዎ ቀድመው ቢያዩት ይሻላል።»

ከላይ፣ ከጣሪያው በኩል፣ ሳጥን ሲቀመጥ ድም አለ። ሁለቱም ቀና አሉ። ከዚያ አለቃ መነጽሩን መለሰና «ነገ ጠዋት ክፈቺው፤ እኔ ባለሁበት» አለ። «ሥራው ግን አይቆምም፤ ሳጥን ማውጣቱ ይቀጥላል። ከፍተሽ ምንም ከሌለ፣ እህቴ፣ ያየሁትን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።»

«እኔም እነግራለሁ።»

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ አንባቢ አልነበረም። አምስት ጫኝና አውራጆች ሳጥን ተሸክመው በደረጃው ይመላለሳሉ፤ ሰገነቱ ላይ ሳጥኖቹ ሦስት ሦስት ተደራርበው ይታያሉ። ቀራጺዋ አንድ ቀጭን መጋዝ፣ ሁለት መሮና ከእንጨት የተሠራ መዶሻዋን ጨርቅ ላይ ዘረጋች። አለቃ ከጎኗ ቆመ። የባሏ እህት በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ጠረጴዛዋን አላራቀችም፣ ራሷ ግን ርቃለች።

ከአንጓው ጀመረች። የዚህን እጅ ጅማቶች ለማውጣት አምስት ሳምንት ወስዶባት ነበር፤ በተለይ አውራ ጣቱን ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ትታዋለች። በመጋዝ ሁለት ጊዜ፣ በመሮ ስድስት ጊዜ መታችው፤ ሩብ ሰዓት አልሞላም። እጁ ሲለቅቅ መዳፏ ላይ ወደቀ። ከጠበቀችው በላይ ይቀል ነበር። ጨርቁ ላይ አኖረችውና ባትሪዋን ወደ ተከፈተው ቦታ አስጠጋች።

ስንጥቅ ዕድሜውን በቀለሙ ይናገራል። ያረጀ ስንጥቅ አቧራ ጠጥቶ ይጠቁራል፤ አዲሱ ግን የተላጠ ድንች ይመስላል። ከእጁ ጀርባ ያለው ከልቡ ተነሥቶ፣ ጉድጓዱን ተሻግሮ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ዓይን እስከሚደርስበት ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ነበር። ወደ ውስጥ ነጭ ነው፤ ንጹሕ፣ የትናንትና የከትናንት ወዲያ።

«ይሄ ነው?» አለ አለቃ። ዓይኑን አጥብቦ አየው። «እኔ እንኳ የበለጠ ነገር ጠብቄ ነበር።»

ቀራጺዋ ከጨርቁ ላይ የብረት ማስመሪያዋን አነሣችና ወደ ስንጥቁ ሰደደችው። ያለ ምንም ግፊት እስከ መዳፏ ድረስ ገባ። ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሰችው፤ እንደ ልቡ ይጫወታል።

«ይያዙት» አለችው። «ወዲያ ወዲህ ያድርጉት።»

አለቃ ማስመሪያውን በሁለት ጣቱ ያዘ፤ እንደ ጠመኔ። ወደ ውስጥ ገፋው፣ መለሰው። «ይላወሳል» አለ፤ «ሰፊ ነው ማለትሽ ነው?»

በዚህ ጊዜ ከላይ አንዱ ጫኝ ሳጥኑን አወረደ። ድም አለ፤ እንደ ቀድሞዎቹ፣ ከቀድሞዎቹ ሳይበልጥ። አለቃ ማስመሪያውን ሊመልሰው ሳበ። አልመጣም። በሌላኛው እጁ ደግፎ ሳበ። ብረቱ እንደ ተቸነከረ ነው፤ ስንጥቁ በአንድ ሳጥን ክብደት ተጋጥሞበታል።

«ያዘው» አለ፤ ድምፁ ጠፍቶ ሹክሹክታ ሆነ። «ያዘው እኮ።»

«ይልቀቁት። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሂዱ።»

አለቃ እጁን አነሣ። ከዚያ ቀና ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል ቀራጺዋ ክንዱን ያዘችው። ምን ሊል እንደ ነበር ታውቃለች፤ ማንም ሰው የሚለውን ነው፦ ሳጥኑን ጥላችሁ ውረዱ። የቀሩት አራቱ ሳጥናቸውን አንዴ ቢጥሉ ምሰሶው የሚቀበለው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ምቱንም ነው።

«እትዬ» አለች ሳትዞር። «አንቺን ይሰሙሻል። ምንም እንዳያስቀምጡ። የያዙትን እንደያዙ ይቁሙ።»

የባሏ እህት ወደ ደረጃው ሥር ሄደች። ለሰባት ዓመት አንባቢ ጸጥ ያሰኘችበት ድምፅ ነበራት፤ የማይጮህ፣ ግን ጥግ ድረስ የሚደርስ። «ወንድሞቼ» አለች፣ «ባላችሁበት ቁሙ። ማንም ምንም እንዳያስቀምጥ። ማንም እንዳይሮጥ።»

ላይ ኮቴው ሁሉ ቆመ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ከላይ አንዱ።

«ስትወርድ እነግርሃለሁ። አሁን አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሸሚዙ፣ ግድግዳውን ተጠግተህ ና። ወደ መከለያው እንዳትጠጋ። ቀስ በል፣ እቤትህ የተኛ ልጅ እንዳለ አድርገህ።»

አንደኛው ወረደ። ቀራጺዋ ከምሰሶው አልራቀችም፤ ባትሪዋን ስንጥቁ ላይ እንዳበራች ነው። ስንጥቁ ከላይ ያለውን እርምጃ ሁሉ ይቆጥር ነበር፤ በየኮቴው ነጩ መስመር ይሳሳል፣ ይመለሳል። የሠራቻቸው እጆች ሁሉ አንዱ የሌላውን አንጓ እንደጨበጠ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ጎድሎ። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ሲወርድ ከምሰሶው ውስጥ ያ የጉሮሮ ድምፅ መጣ፤ አጭር፣ ደረቅ። ሦስተኛው ሰው ደረጃው መካከል ደረቀ።

«ና» አለችው የባሏ እህት። «ዛሬ መቆጣት የምፈልገው እሱን ነው፣ አንተን አይደለም።»

አራተኛው ወረደ። ከዚያ ቀራጺዋ ራሷ ማፈግፈግ ጀመረች፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። አለቃ በሩን ይዞ ቆሟል፤ የቁልፍ ዘለላው እጁ ላይ ይንጫጫ ስለነበር በጡጫው አፈነው።

«ደጋፊ እንጨት ሱቄ ውስጥ አለ፤ ስምንት አለኝ» አለችው። «ወንዶቹን ይስጡኝና አሁኑኑ አምጥተን፣ እኔ እያሳየሁ ከሰገነቱ ውጭ በኩል ሆነን እናስገባ። መጀመሪያ አራተኛውን።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹንም። የተሠሩበትን ቅደም ተከተል ወደ ኋላ እየቆጠርን እንሄዳለን። ሦስተኛው ቀጥሎ ነው፣ ከዚያ ሁለተኛው።»

«ምረቃው ላይ ምን ልበል?»

«ጥፋቱ የእሷ ነው ይበሉ። ሁለት ሦስተኛ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አምስተኛው ሰው ከደረጃው ወርዶ በመካከላቸው አልፎ ወጣ፤ ወፍራም ጎልማሳ፣ ከሁሉም ትልቁን ሳጥን የተሸከመ። አለቃ በሩን ቆለፈ። ሰዎቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰብሰብ ብለው ስለ ደጋፊው እንጨት፣ ስለ መኪናው፣ ስለ መዶሻው ይነጋገሩ ጀመር። ወፍራሙ ሰው ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ሳጥኑን እንደታቀፈ ቆሞ ነበር፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ማንም አስቀምጥ አላለውም።

ቀራጺዋ ናት ያየችው። «ወንድሜ» አለችው፣ «አሁን አስቀምጠው።»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። ድም ሲል፣ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ንግግሩን አቋርጦ ወደ አዳራሹ ዞረ።